ጆሴፍ ኸርማን ስለሚባል ሰዓሊ የሚያውቅ አለ? (ታንኳ ሠሪዎችን መሳል ጀምሬ ነው)

ቀይ አፈር

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥዕል እሠራለሁ። ድሮ የፍየል ቆዳ ላይ ቅዱሳንና መላእክት እየሳልኩ ለቱሪስት ዕቃ ሱቆች አስረክብ ነበር። ቱሪስቱ ከጠፋ ወዲህ ያ ሥራ ቀጥ ብሏል። አሁን የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ እሥላለሁ። ዝሆን፣ ፊደል፣ ቁጥር። በተረፈኝ ሰዓት የራሴን እሞክራለሁ።

ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩትን ሰዎች መሳል ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሄዳለሁ። ያኔ ብርሃኑ ገና ለስላሳ ነው። የደረቀው ደንገል ተከምሯል። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ያስራሉ፣ በእግራቸው ረግጠው ገመዱን ይስባሉ። እኔ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እሥላለሁ። ማንም አላስቸገረኝም ነበር።

አንድ ቀን ግን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ታንኳውን ከውኃ እየጎተተ "አንቺ ልጅ" አለኝ። "ሁልጊዜ ትሥይናለሽ። ሥዕሉ የት እንደሚገባ ግን አናውቅም።" አልተቆጣም። እንዲሁ ነው ያለው። መልስ አጣሁ። ደብተሬን ዘግቼ ሄድኩ፤ ሳምንት ሙሉም አልተመለስኩም።

በዚያ ሳምንት ስልኬ ላይ ሥዕሎች ሳይ አንዱ አላስተኛኝም። ጥቋቁር፣ ከባድ፣ ወፋፍራም ሰዎች ቁጢጥ ብለዋል። ከኋላቸው ሰማዩ እንደ ፍም ነው። ፊታቸው በደንብ አይታይም፤ ግን ድካማቸው ትከሻቸው ላይ ይነበባል። ሰዓሊው ጆሴፍ ኸርማን ይባላል። የፖላንድ አይሁዳዊ እንደሆነና የዌልስን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሲሥል እንደኖረ ይላል። ከዚያ ያለፈ በአማርኛ ምንም አላገኘሁም።

ጥያቄዬ ይኸው። የፖላንድ ሰው ዌልስ ምን ወሰደው? እነዚያ ሰዎች እንዴት ተቀበሉት? እሱስ "ሥዕሉ የት ይገባል?" ተብሎ ያውቃል? ያን ቡናማ ቀለም እንዴት እንዳመጣውም የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

---

ከሰልና ወረቀት

ልጄ፣ ስለዚህ ሰው የሚጠይቅ በማግኘቴ ልቤ ሞልቷል። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ሥዕል ሳስተምር ስሙን ከተማሪ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ያወቅኩት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ ባመጣልኝ የሥዕል መድበል ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ መድበሉ ግን ዛሬም አልጋዬ ራስጌ አለ። ረዘም አድርጌ ስለምጽፍ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኸርማን በ1911 በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ ተወለደ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያው ነው። አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር። ይህን ልብ በይልኝ። ጎንበስ ብሎ በእጁ የሚሠራ ሰው እያየ ነው ያደገው። ቤቱ የድሃ ቤት ስለነበር ገና በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ገባ፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ሆነ። ከ1930 እስከ 1932 እዚያው ዋርሶ ሥዕል ተማረ፤ በ1932ም ሥራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያ ከሌሎች ወጣቶች ጋር "የፍሪጂያ ቆብ" የሚባል ቡድን መሠረቱ። ስሙ የፈረንሳይ አብዮተኞች ያደርጉት ከነበረው ቀይ ቆብ የመጣ ነው። ሐሳባቸው ሠራተኛውንና ገበሬውን መሳል ነበር። እንግዲህ ዌልስ ሄዶ ድንገት ያገኘው ነገር አይደለም፤ ከቤቱ ይዞት የወጣው ነው።

በ1938 ፖላንድ ውስጥ በአይሁድ ላይ የነበረው ጥላቻ እየባሰ ሲመጣ ወደ ብራስልስ ሄደ። እዚያ የቤልጂጉን ሰዓሊ የኮንስታንት ፐርሜኬን ሥራ አየ። ፐርሜኬ ዓሣ አጥማጆችንና ገበሬዎችን ከመሬት የበቀሉ አስመስሎ ግዙፍ አድርጎ ነበር የሚሥላቸው። አንቺ ደግሞ የሐይቅ ሰው ነሽና የሱንም ፈልገሽ እይ። ኸርማን ብራስልስ የተቀመጠው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በ1940 ጀርመኖች ቤልጂግ ሲገቡ በፈረንሳይ በኩል ሸሸ፣ መርከብ አግኝቶ ብሪታንያ ገባ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው ደረሰ። ቋንቋ የለው፣ ዘመድ የለው፣ ገንዘብ የለው። ቤኖ ሾትስ የሚባል፣ እሱም አይሁዳዊ የሆነ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ አገዘው።

ግላስጎው ላይ ሌላ የአገሩን ሰው አገኘ፤ ያንኬል አድለርን። አድለር በ1895 ሎጅ ከተማ አጠገብ የተወለደ ትልቅ ሰዓሊ ነው። ጀርመን ውስጥ ዝና አግኝቶ ሲሠራ ናዚዎች ሥዕሎቹን "የተበላሸ ሥነ ጥበብ" ብለው ከቤተ መዘክሮች አወረዷቸው። እሱም ከፖላንድ ጦር ጋር ነው ስኮትላንድ የደረሰው። ሁለቱ በአንድ ከተማ መገናኘታቸውን ሳስብ እገረማለሁ። በስደት አገር የሰፈርሽን ቋንቋ የሚናገር፣ ያውም ሰዓሊ ሲገኝ ምን ያህል እፎይ እንደሚያሰኝ አስቢው።

ከዚያ 1942 መጣ። በቀይ መስቀል በኩል መርዶ ደረሰው። አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ ዘመድ አዝማድ፣ ዋርሶ የቀሩት ሁሉ አልቀዋል። አንድም ሰው አልተረፈም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ መድበሉን አጥፌ እቀመጣለሁ። እኛ አገር ለቀስተኛ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ያድራል፣ ሰው እንዳትወድቂ ይይዝሻል። እሱ መቃብር እንኳ የለውም። በዚያ ዘመን የሣላቸው ሥዕሎች የልጅነቱ ሰፈር ናቸው። ጫማ ሠሪው፣ ሙዚቀኞቹ፣ ልጅ ያቀፉ እናቶች። ከትዝታው እያወጣ ነው የሣለው። በቀለም ያለቀሰው ለቅሶ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1944 ለእረፍት ብሎ ወደ ደቡብ ዌልስ ሄደ። ኧስትራድገንላይስ የምትባል የከሰል ቆፋሪዎች ትንሽ ከተማ ናት። ለአጭር ጊዜ ሄዶ 11 ዓመት ኖረባት። ምን እንደያዘው በኋላ በጻፈው ትዝታው ላይ ይናገራል። ምሽት ላይ ነው። ሰማዩ መዳብ መስሏል። ቆፋሪዎች ከሥራ ተመልሰው ድልድይ ሲሻገሩ ከፊቱ አለፉ። ለአንዲት ቅጽበት ጭንቅላታቸው ከምትጠልቀው ፀሐይ ጋር ገጠመ፤ ፀሐይዋም እንደ ቢጫ ሰሃን ከጀርባቸው ሆነች። በዓይኑ የታየው የቅዱሳን ሥዕል ነው፣ አክሊለ ብርሃን የደፉ። ያቺ ቅጽበት ዕድሜ ልኩን አልለቀቀችውም።

ልጄ፣ አንቺ የምትኖሪው ቅዱሳን ከነአክሊላቸው ግድግዳ ሙሉ የተሣሉበት አገር ነው። ደግሞም ድልድይ አለን። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። አመሻሹ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ የቀን ሠራተኞች አካፋ ተሸክመው ሲመለሱ እይ። እኔ አይቻለሁ። ምርኩዝ ይዤም ቢሆን አሁንም ሄጄ አያለሁ።

"እንዴት ተቀበሉት?" ላልሽው፤ አብሯቸው ኖረ። መጀመሪያ መጠጥ ቤት ካለው ማረፊያ ተከራየ፣ በኋላ አሮጌ የለስላሳ ፋብሪካ አግኝቶ የሥራ ቦታው አደረገው። ጉድጓድ ድረስ አብሯቸው ወርዶ ሣለ። ስም አወጡለት፤ "ጆ ባኽ" አሉት። በዌልስኛ "ትንሹ ጆ" ማለት ነው፣ እኛ "ጆዬ" እንደምንለው። ለእንግዳ ሰው ስም አይወጣለትም። ስም ሲያወጡልሽ ገብተሻል ማለት ነው።

ሥዕሉ የት ገባ ላልሽው ደግሞ አንዱን ልንገርሽ። በ1951 ለንደን ላይ የብሪታንያ ፌስቲቫል የተባለ ትልቅ አገራዊ በዓል ተደርጎ ነበር። ኸርማን ለዚያ "ከሰል ቆፋሪዎች" የተባለ ስድስት ክፍል ያለው ትልቅ ሥዕል ሠራ። ቆፋሪዎቹ በዋና ከተማው፣ በሕዝብ ፊት፣ እንደ ንጉሥ ግዙፍ ሆነው ቀረቡ። አሁን ያ ሥዕል ያለው ለሸለቆው ቅርብ በሆነችው በስዋንሲ ከተማ፣ ግሊን ቪቪያን በሚባለው የሥዕል ቤት ነው።

በ1955 ከዌልስ ወጣ። የሸለቆው እርጥበት ጤናውን ጎድቶት ነበር። ከዚያ ለንደን፣ ቀጥሎ ሰፎክ ገጠር፣ ከዚያ እንደገና ለንደን። ዌልሶች ግን አልረሱትም። በ1962 በብሔራዊ የባህል በዓላቸው የሥነ ጥበብ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለሙት። በ1990 የእንግሊዝ ሮያል አካዳሚ አባል ሆነ። ያረፈው በ2000 ነው፣ በ89 ዓመቱ። እኛን የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። ትናንሽ የአፍሪካ የእንጨት ቅርጾችን ይሰበስብ ነበር፣ በመዳፍ የሚያዙትን። ሥዕሎቹን ካየሽ በኋላ እነዚያን ቅርጾች ብታዪ ዝምድናቸው ይገባሻል። ትንሽ ሆኖ ከባድ።

ስለ ቀለሙ። በቀለምና በብዕር መስመሩን ያሰምራል፣ ከዚያ በብሩሽ ውኃ እያቀጠነ ጥላውን ይጥላል። በዘይት ቀለም ሲሠራ ደግሞ ቡናማ፣ ጥቁር፣ የሸክላ ቀይ፣ አንዳንዴ ጥቁር ሰማያዊ ናቸው የሚበዙት። ሰውየው ጨለማ ሆኖ ብርሃኑ ከኋላው ነው የሚፈልቀው። እኔ ለልምምድ ያደረግኩት ይህን ነው። የዘጌ ቡና በጣም አወፍሬ አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩት፣ አጠለልኩት፣ ወፍራም ወረቀት ላይ በብሩሽ ደረብኩት። አንድ ጊዜ ቀቢና አድርቂው፣ እንደገና ቀቢ። አራት አምስት ጊዜ ስትደርቢው ያ ቡናማ ይመጣል። ርካሽ ነው፣ እጅሽንም ያፍታታልሻል።

ሳምንት መቅረትሽ ግን አልተመቸኝም። ነገ ተመለሺ።

---

ዘጌ ዳር

መምህር፣ ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያደግኩት ዘጌ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ተምሬአለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበል።

እኛ ዘንድ አክሊለ ብርሃን ዝም ብሎ አይሣልም። ቅድስናን ነው የሚያመለክተው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ያውቃል። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ጨርቅ ላይ ሁሉም በሥርዓት ነው። ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው በጎኑ ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ልጆች ሆነን ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ የምንለየው ዓይን በመቁጠር ነበር። ስለዚህ የቀን ሠራተኛን በአክሊል መሳል እኔን ትንሽ ያስፈራኛል። እህታችን ቆዳ ላይ ቅዱሳንን የሣለች ናት፤ ስለዚህ የምለው ይገባታል።

ሌላው የከበደኝ የኸርማን ሰዎች ዓይን የላቸውም። ስልኬ ላይ ፈልጌ አየኋቸው። ፊታቸው ጥላ ነው። በእኛ ሥዕል ውስጥ ዓይን ነው ሁሉ ነገር። ዓይን የሌለውን ሰው እንዴት አክብሮ ሣለው ልበል? ለመከራከር አይደለም፤ የእውነት መልስ ፈልጌ ነው።

---

ከሰልና ወረቀት

ልጄ፣ ጥያቄህ ትክክለኛ ነው። እኔም በወጣትነቴ ይኸው ነው የከበደኝ።

መጀመሪያ ስለ አክሊሉ። ኸርማን አክሊል አልሣለም። ፀሐይ ነው የሣለው። ፀሐይዋ ከጭንቅላቱ ኋላ መሆኗን የሚያየው ተመልካቹ ነው። አክሊል መድፋት የቤተ ክርስቲያን ነው። ፀሐይ ግን ድልድይ በሚሻገር ሰው ሁሉ ላይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች። ልዩነቱን ልብ ካልክ ፍርሃትህ የሚቀልልህ ይመስለኛል።

ስለ ዓይኑ ግን ከሥዕሉ ፊት ብዙ ተቀምጬ ነው የገባኝ። የደከመ ሰው ዓይኑ አያወራም። ወገቡ ያወራል፣ ጉልበቱ ያወራል፣ የተንጠለጠለው እጁ ያወራል። ኸርማን የዓይኑን ሥራ ለሰውነቱ ሰጠው። እኛ በዓይን የምናነበውን ሰው እሱ በትከሻ አስነበበን። ታዲያ አገራችን ላይ ይህን የሚሞክር ሰዓሊ አንተ ያልከውን ማሰብ አለበት። ፊቱን ካጨለምከው የኛ ሰው በልማድ "ይህ ሰው ክፉ ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ቀይ አፈር ደግሞ ሁለቱንም ታውቃለች። ዓይንም ሥላለች፣ ጀርባም እየሣለች ነው። ከሁለቱ ምን እንደሚወጣ እጓጓለሁ።

---

ስዋንሲ ነኝ

ሰላም ጓዶች። እኔ የቀበሌ 14 ልጅ ነኝ፤ አሁን ዌልስ ስዋንሲ እኖራለሁ። የአረጋውያን እንክብካቤ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ይህን ውይይት በአጋጣሚ አይቼ ደነገጥኩ፤ ሥዕሉን በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ግሊን ቪቪያን ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። ዝናብ ሸሽቼ ነው የገባሁት። ከፊቱ ስቆም እግሬ አልሄድም አለ። ስድስት ሰዎች ናቸው። ከጉድጓድ ወጥተው አረፍ ያሉ። አንዳቸውም ሥራ ላይ አይደሉም። ይኼ ነው የገረመኝ። ሰው ሠራተኛን ሲሥል ዶማ ሲያነሳ፣ ላብ ሲጠርግ ነው የሚሥለው። እሱ እረፍታቸውን ሣለ። ሰዎቹ የምድር ውስጥ ክብደት ገና ከላያቸው አልወረደም። ባሕር ዳር ገበያ ዳር ጥግ ይዘው ቁጢጥ የሚሉ ተሸካሚዎች ትዝ አሉኝ፤ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

እዚያው የምሠራበት ቤት አንድ አዛውንት አሉ፤ አባታቸው ቆፋሪ ነበሩ። ስልኬ ላይ ሥዕሉን ሳሳያቸው ወዲያው ቁጢጥ ያለውን አቀማመጥ አወቁት። የከሰሉ ድርብርብ ጠባብ ሆኖ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም ነበር አሉኝ። እዚያ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ መሥራት ስለለመዱ ከላይም ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው እንደዚያው ነበር የሚያርፉት። "አባቴ ቤት ውስጥ ወንበር እያለ እንዲህ ነበር የሚያርፈው" ብለው አሳዩኝ። አሁን ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ በእጃቸው ነው ያሳዩኝ።

ከዚያ በአውቶቡስ ኧስትራድገንላይስ ሄድኩ። ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ወንዝ አለው፣ ጣዌ ይባላል። ጉድጓዶቹ ዛሬ ተዘግተዋል፤ ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ቆፋሪዎቹ ከደመወዛቸው በሳምንት ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ያሠሩት ትልቅ አዳራሽ አለ። ኅብረተሰቡ በኸርማን ስም ድርጅት አቋቁሟል፤ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ይሠራሉ። ልጆቹ የሱን ሥዕል እያዩ የራሳቸውን አካባቢ ይሥላሉ።

እህቴ፣ አንቺ ያልሽው ሰውዬ ጥያቄ አንጀቴን በላው። "ሥዕሉ የት ይገባል?" አለሽ። እዚህ ሥዕሉ የገባበትን አየሁ። የልጅ ልጆቻቸው ጋ ገባ።

---

የታንኳ ሠሪ ልጅ

መጀመሪያ ዝም ልል ነበር። ግን የሚወራው ስለኛ ነውና ልጻፍ።

የነገደ ወይጦ ልጅ ነኝ። አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው፣ አያቴም። እኔ ተምሬ መሥሪያ ቤት ገብቻለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን አሁንም ከአባቴ ጋር ደንገል እቆርጣለሁ። ከጥንት ጀምሮ ጉማሬ አዳኞች ናቸው እየተባለ ከወገኖቼ ጋር ማዕድ የማይቆርስ ብዙ ነበር። አያቴ ሰርግ ቤት ለብቻ ይቀርብለት እንደነበር ነግሮኛል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጆ ባኽ ከቆፋሪዎቹ ጋር አብሮ ኖረ ሲባል እኔ የሰማሁት ምን እንደሆነ እንድታውቁት ነው። አብሮ በላ፣ አብሮ ጠጣ። ያ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳናል። ፖስት ካርድ ላይ አለን፣ ሆቴል ግድግዳ ላይ አለን፣ ካላንደር ላይ አለን። ግን ሁልጊዜ ከሩቅ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥቁር ጥላ፤ ታንኳ ላይ የቆመ፣ ሸንበቆ የያዘ። አባቴ አንዴ ሆቴል ገብቶ ግድግዳው ላይ ራሱን አይቶ አላወቀውም። እኔ ነኝ "አባ፣ ይኼ እኮ አንተ ነህ" ያልኩት። በአቋሙ አወቅሁት፤ የግራ ትከሻው ዝቅ ይላል።

ስለዚህ መምህር፣ ጀርባም ጥላም ክፉ አይደለም ባይ ነኝ። ግን የማን ጀርባ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይሣለው።

እህቴ፣ ከቻልሽ ታንኳውን ትተሽ እጁን ሣይ። ታንኳውን ሁሉም ሣለው። ደንገሉ ተቆርጦ ሲደርቅ ይቀልላል፤ ሲታሰር ግን የሚያስረው ሰው ሙሉ ክብደቱን ገመዱ ላይ ይጥላል። አባቴ መዳፉ ላይ ገመዱ የሚያልፍበት መስመር አለው፤ እንደ ተቀረጸ ነው። ታንኳ ደግሞ ብዙ አይቆይም። ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፣ አውጥተን እናደርቀዋለን፣ ከጥቂት ወር በኋላ ግን አብቅቶለት ሌላ ይሠራል። ደንገሉ ራሱ እየራቀ ነው። ዳር ዳሩ ታረሰ፣ ተሠራበት፣ እምቦጩም መጣ። አባቴ ድሮ ከቤቱ ደጅ የሚቆርጠውን አሁን ሩቅ ሄዶ ነው የሚያመጣው። ለዚህ ነው መሳልሽን የምፈልገው። ብቻ ቶሎ ጨርሰሽ አትሂጂብን።

---

ቀይ አፈር

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ስለተመለስኩ ነው። ሐይቁ ጋ።

መምህር፣ ቡናውን አፈላሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ተጨማዶ ተበላሸ፤ ሁለተኛውን ሰሌዳ ላይ በፕላስተር ወጥሬ ነው የሠራሁት። አምስት ጊዜ ደረብኩ። መጣ! ቤቴ ሁሉ ቡና ቡና ሸተተ።

የሣልኳቸውን ሁሉ ይዤ ያን ሰውዬ ፈለግኩት። "ጋሼ፣ ሥዕሉ የት ይገባል ብለውኝ ነበር" አልኳቸውና ደብተሩን ሰጠኋቸው። ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ገለጡ። ሌሎቹም መጡ። አንዱ የራሱን ጉልበት አውቆ ሳቀ። የታንኳ ሠሪ ልጅ ያልከው ልክ ነው፤ ፊት ሳይኖር ሁሉም ራሳቸውን አወቁ። ስለ ዋርሶው ሰው ነገርኳቸው። ጫማ ሠሪው አባቱ፣ መርዶው፣ ድልድዩ። ጋሼ መርዶው ጋ ስደርስ ገመዱን አስቀመጡ። "አንድም አልተረፈለትም?" አሉኝ። አንድም አልኩ። ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ትንሽ ዝም ተባለ።

ከዚያ አንዱን ሥዕል ቀና አድርገው አዩትና "ይኼ ግን ይሰምጣል" አሉኝ። ገመዱን የሣልኩት በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምዝዞ ነው። ከላይ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው አሉ። ደንገል አንስተው ቀስ ብለው አሰሩልኝ፤ ሁለቴ ፈትተው ሁለቴ አሰሩልኝ። በሦስተኛው እኔ እንዳስር ሰጡኝ። ክብደቴን ስጥል አልጠበቀም፤ እሳቸው ከኋላዬ ሆነው አብረው ሳቡልኝ። መዳፌ ተላጠ።

ያን ሥዕል እዚያው ወስደውታል፣ ከነስሕተቱ። ሐሙስ ጠዋት ደንገል ቆረጣ ይሄዳሉ፤ እኔም እሄዳለሁ። ቦት ጫማ የሚያውሰኝ ካለ እግሬ 38 ነው።